ኬብል ሲቆረጥ ስልክ ለምን አይጠፋም? አንዳንዴስ ለምን ይጠፋል?

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 1991 በአሜሪካ ኒውጀርሲ ግዛት፣ ኒውአርክ ከተማ ውስጥ፣ ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ ሠራተኞች አገልግሎቱን የጨረሰ አሮጌ ኬብል እየነቀሉ ነበር። በስህተት የቆረጡት ግን በሥራ ላይ ያለውን የፋይበር ኬብል ነበር። ይህ ኬብል በአንድ ጊዜ ከ100,000 በላይ ጥሪ መሸከም ይችል ነበር። ወደ ኒውዮርክ ከሚገቡትና ከሚወጡት የኩባንያው ጥሪዎች 60 በመቶ ያህሉ ለሰዓታት አልሄድ አሉ። የአየር ትራፊክ ቁጥጥር ተስተጓጎለ። የሸቀጥ ገበያዎችም ሥራ አቆሙ።

ኬብል መቆረጡ ራሱ ብርቅ አይደለም። በየቀኑ የሆነ ቦታ ይቆረጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም ማንም ሳይሰማ ያልፋል። ስልክ እያወራን ድምፃችን የሚሄድበት መስመር ተበጥሶ፣ ጥሪው በሌላ አቅጣጫ ዞሮ፣ እኛ ምንም ሳናውቅ ወሬያችንን ቀጥለን ይሆናል። ታዲያ አንዱ መቆረጥ ሳይታወቅ ሲያልፍ ሌላው ከተማ የሚያናውጠው ለምንድን ነው? ልዩነቱ ከኬብሉ ጥንካሬ አይመጣም። ገና ኔትወርኩ ሲነደፍ ነው የሚወሰነው።

ጥሪ በየት በኩል ያልፋል?

ስንደውል ጥሪው መጀመሪያ በአቅራቢያችን ወዳለ ጣቢያ ይደርሳል፤ በሞባይል ከሆነ በአንቴና፣ በመደበኛ ስልክ ከሆነ በሽቦ ወይም በፋይበር። ከዚያ ወደ ማዞሪያ ጣቢያ ይሄዳል። ማዞሪያ ጣቢያ የተደወለውን ቁጥር አይቶ ጥሪውን ወደሚቀጥለው ቦታ የሚልክ መሣሪያ ያለበት ነው። ማዞሪያዎቹን እርስ በርስ የሚያገናኙት ደግሞ ማስተላለፊያ መስመሮች ይባላሉ። የዛሬው ወሬያችን ስለ እነሱ ነው።

ድሮ እነዚህ መስመሮች የመዳብ ኬብሎች ወይም በአየር ላይ የሚሄዱ የማይክሮዌቭ መስመሮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፋይበር ገባ። ፋይበር ድምፅና ዳታ በብርሃን መልክ የሚጓዝበት ቀጭን የመስታወት ክር ነው። አንድ ጥንድ ክር ብቻውን በብዙ ሺህ የሚቆጠር ጥሪ ይሸከማል፤ በአንድ ኬብል ውስጥ ደግሞ በርካታ ጥንዶች ይታሸጋሉ። ለኩባንያዎችም ብዙ ትናንሽ መስመር ከመዘርጋት ይልቅ ጥቂት ትላልቅ መስመር መዘርጋት አዋጣቸው። ወጪ ቀነሰ፣ ጥራት ጨመረ። የዚያኑ ያህል ግን ብዙ ጥሪ በጥቂት ኬብል ላይ ተከማቸ። ኒውአርክ ላይ የታየው የዚህ ውጤት ነው።

ኬብል የሚቆርጠው ማን ነው?

መሬት ላይ ዋናው ጠላት ኤክስካቫተር ነው። መንገድ ሊሠራ፣ የውኃ ቧንቧ ሊቀበር የመጣ ኤክስካቫተር። ባሕር ውስጥ ደግሞ መልህቅና የዓሣ መረብ ናቸው። በባሕር ሥር ኬብሎች ላይ በዓለም ዙሪያ በዓመት ከ150 እስከ 200 የሚደርስ ብልሽት ይመዘገባል፤ አብዛኛውን የሚያደርሱት መርከቦችና ዓሣ አስጋሪዎች ናቸው። ጎርፍ፣ እሳትና የመሬት መንቀጥቀጥም ድርሻ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጆርጂያ ውስጥ አንዲት የ75 ዓመት ሴት መዳብ ፍለጋ ሲቆፍሩ ፋይበር ቆረጡ ተብሎ፣ የጎረቤት አገር አርሜኒያ ኢንተርኔት አብዛኛው ለሰዓታት ጠፍቶ ነበር።

ጥገናው ጊዜ ይወስዳል። ቴክኒሻኖች ከጣቢያው ሆነው ብርሃን ወደ ፋይበሩ ይልኩና የሚመለሰውን ነጸብራቅ ለክተው የተቆረጠው ስንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እንደሆነ ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ ግን መኪና መሄድ አለበት፤ መሬት መቆፈር አለበት፤ ክሮቹም አንድ በአንድ በሙቀት መቀጣጠል አለባቸው። ይህ ሰዓታት ይፈጃል። ባሕር ላይ ከሆነ የጥገና መርከብ እስኪመጣ ስለሚጠበቅ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይሄዳሉ። ስለዚህ ኔትወርክ የሚነድፍ ሰው ኬብሉ እንደሚቆረጥ አምኖ ነው ሥራውን የሚጀምረው።

ሁለተኛ መስመር መዘርጋት አይበቃም?

በወረቀት ላይ ሲሰላ በጣም ይበቃል። አንድ መስመር 99.9 በመቶውን ጊዜ ይሠራል እንበል። ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን በዓመት ወደ 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይጠፋል ማለት ነው። አሁን ሁለተኛ፣ ተመሳሳይ መስመር እንጨምር። ሁለቱም በአንድ ጊዜ የሚጠፉበት ዕድል ከሺህ አንድ፣ በከሺህ አንድ ተባዝቶ ከሚሊዮን አንድ ይሆናል። በዓመት 32 ሰከንድ ገደማ ማለት ነው። ከስምንት ሰዓት ወደ ግማሽ ደቂቃ!

ስሌቱ የሚሠራው ግን የአንዱ መጥፋት ከሌላው ጋር ምንም ካልተያያዘ ብቻ ነው። ሁለት መንገድ ወደ አንድ ከተማ ይወስዳሉ እንበል፤ ሁለቱም ግን ወንዙን የሚሻገሩት በአንዱ ድልድይ ከሆነ፣ ድልድዩ ሲፈርስ ሁለት መንገድ መኖሩ ምን ይጠቅማል? ኬብል ላይ ይህ ከሚታሰበው በላይ ይደጋገማል። ምክንያቱም መሬት ቆፍሮ መቅበር ውድ ነው። ሁሉም ኩባንያ የተቆፈረ ቦይ፣ የባቡር ሐዲድ ዳር፣ ያለ ድልድይና ዋሻ ይፈልጋል። ስለዚህ በካርታ ላይ የተለያየ ቀለም የተሰጣቸው መስመሮች መሬት ሥር ጎን ለጎን ተኝተው ይገኛሉ።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2001 በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ውስጥ በሃዋርድ ስትሪት ዋሻ የጭነት ባቡር በእሳት ተያያዘ። በዋሻው ውስጥ ያለፈው ፋይበር የአንድ ኩባንያ ብቻ አልነበረም፤ የበርካታ ኩባንያዎች ነበር። እሳቱ ባለቤት አልለየም። ከሁለት ኩባንያ መስመር ተከራይቼ ተጠብቄያለሁ ብሎ የተቀመጠ ደንበኛ፣ ሁለቱም በዚያ ዋሻ የሚያልፉ ከሆነ፣ ሁለቱንም በአንድ እሳት አጣ።

ባለሙያዎች በአንድ አደጋ አብረው የሚጠፉ መስመሮችን በአንድ ምድብ ይመዘግባሉ፤ የጋራ ስጋት ምድብ ይሉታል። አንድ ቦይ፣ አንድ ድልድይ፣ አንድ የጎርፍ ሜዳ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምንጭ እያንዳንዳቸው ምድብ ይሆናሉ። ዋናውና መጠባበቂያው አንድ ምድብ ውስጥ መግባት የለባቸውም። ደንቡ ቀላል ነው። አስቸጋሪው የትኛው ኬብል በየት ቦይ እንደተኛ በትክክል የሚያሳይ መዝገብ ማግኘት ነው። በእኔ ግምት ከሒሳቡ ሁሉ የሚከብደው ይሄ መዝገብ ነው።

ቀለበት የሚባለው ምንድን ነው?

ጣቢያዎችን በአንድ ቀጥታ መስመር ከመደርደር ይልቅ ዙሪያውን አዙሮ የመጨረሻውን ከመጀመሪያው ጋር ማያያዝ ነው። ያኔ ከማንኛውም ጣቢያ ወደ ማንኛውም ጣቢያ ሁለት አቅጣጫ ይኖራል፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። አንድ ቦታ ላይ ሲቆረጥ ቀለበቱ ቀጥታ መስመር ይሆናል እንጂ ማንም ከማንም አይለያይም።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በስፋት የተዘረጉት ሶኔትና ኤስዲኤች የተባሉት የማስተላለፊያ ሥርዓቶች በዚህ ላይ የቆሙ ነበሩ። አንደኛው ዘዴ ሲግናሉን በሁለቱም አቅጣጫ ሁልጊዜ መላክ ነው። ተቀባዩ ሁለት ቅጂ ይደርሰዋል፤ የተሻለውን ያነባል፤ አንዱ ሲጠፋ ወደ ሌላው ይዞራል። ሌላው ዘዴ መቆረጡ ሲታወቅ፣ ከተቆረጠበት ግራና ቀኝ ያሉት ጣቢያዎች ትራፊኩን ወደ ኋላ መልሰው በሌላው ዙር እንዲልኩ ማድረግ ነው። መሣሪያው ብልሽቱን ካወቀ በኋላ በ50 ሚሊሰከንድ ውስጥ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሃያኛ፣ ማዞሩን እንዲጨርስ ይጠበቃል። የሚያወራው ሰው ቢበዛ ትንሽ ‹‹ጠቅ›› የምትል ድምፅ ቢሰማ ነው።

ይህን ያህል መቸኮል ለምን አስፈለገ? ምክንያቱም መቋረጡ ጥቂት ሰከንዶች ከፈጀ ማዞሪያዎቹ መስመሩ ሞቷል ብለው በላዩ ያሉትን ጥሪዎች በሙሉ ይዘጋሉ። ጥሪው የተዘጋበት ሰው ደግሞ ምን ያደርጋል? ወዲያው መልሶ ይደውላል። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ደቂቃ ውስጥ መልሰው ሲደውሉ ደህና የነበሩት ማዞሪያዎች ሳይቀሩ ይጨናነቃሉ። በፍጥነት ማዞር ይህ ጎርፍ ገና ሳይጀምር ያስቀረዋል።

ቀለበት ግን ውድ ነው። አንዱ ወገን ሲቆረጥ ሌላው ሁሉንም መሸከም ስላለበት፣ ለእያንዳንዱ ሥራ ላይ ላለ አቅም እኩል ባዶ አቅም መቀመጥ አለበት። ግማሹ ሥራ ፈት ማለት ነው።

ከቀለበት የሚሻል አለ?

አለ፤ መረብ ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ ከሁለት ሳይሆን ከሦስት ወይም ከአራት ጎረቤቶች ጋር ሲገናኝ መረብ ይሆናል። ጥቅሙን በቁጥር እንየው። አንድ ጣቢያ ሦስት መስመር አለው፤ እያንዳንዱ 100 ጥሪ ይሸከማል። አንዱ ቢቆረጥ የእሱን 100 ጥሪ የቀሩት ሁለቱ 50፣ 50 ይከፋፈሉታል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ላይ ባዶ መቀመጥ ያለበት 50 ብቻ ነው። መስመሩ አራት ከሆነ ለእያንዳንዱ 33 ገደማ ይበቃል። በቀለበት ግን፣ መስመሩ ሁለት ብቻ ስለሆነ፣ 100 ያስፈልጋል።

ሃሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ራንድ በተባለው የምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ፖል ባራን የኑክሌር ጥቃት የማይበጣጥሰው መገናኛ እንዴት ይሠራል ብሎ ሲያሰላ፣ እያንዳንዱ ጣቢያ ሦስት ወይም አራት መስመር ብቻ ቢኖረው አብዛኛው ኔትወርክ ከከባድ ጉዳት በኋላም ተያይዞ እንደሚቀር አሳየ። ከዚያ በላይ መጨመር ብዙም ጥቅም አልነበረውም። ብዙ ሰው በሺህ የሚቆጠር መስመር ያስፈልጋል ብሎ ሊገምት ይችል ነበር።

መረብ የሚያስከፍለው በጭንቅላት ነው። በቀለበት ሲቆረጥ መሄጃው አንድ ስለሆነ ማሰብ አያስፈልግም። በመረብ ግን የትኛው ጥሪ በየት ይዙር የሚለውን አንድ ሥርዓት መወሰን አለበት፤ ይህ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። አስቀድሞ ለእያንዳንዱ ብልሽት መንገዱን አስልቶ ማስቀመጥ ፍጥነቱን ያሻሽላል። ካናዳዊው መሐንዲስ ዌይን ግሮቨርና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረቡት ዘዴም የቀለበትን ፍጥነት ከመረብ ቁጠባ ጋር ለማዳቀል የታሰበ ነበር።

መንገዱ ተገኘ፤ ቦታስ አለ?

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ጥሪ የሚዞርበት መስመር መኖሩ ብቻውን ምንም አይፈይድም። መስመሩ ላይ ክፍት ቦታ ያስፈልጋል።

ይህን በሒሳብ መልክ ያስያዘው ለኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 ያሳተመው ቀመር ዛሬም ይሠራበታል። በአማካይ 100 ሰው በአንድ ጊዜ ለማውራት የሚፈልግበት መስመር እንውሰድ። 100 ጥሪ የሚይዝ መስመር ቢዘረጋ ከ100 ደዋዮች ከ7 እስከ 8 የሚሆኑት ‹‹መስመሮች ተይዘዋል›› ይባላሉ፤ አንዳንዱ ቅጽበት ከአማካዩ ስለሚበልጥ። እምቢ የሚባለው ከመቶ አንድ ብቻ እንዲሆን ከተፈለገ 117 ገደማ ያስፈልጋል። አሁን መስመሩ በግማሽ ተቆርጦ 50 ቀረ እንበል። ከደዋዮቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይመለሳሉ።

ከዚህ አንድ ርካሽ መላ ይወጣል። ምንም ተጨማሪ መስመር ሳይገዙ፣ ያንኑ 117 ለሁለት ከፍሎ በተለያየ መንገድ መላክ። አንዱ ሲቆረጥ ግማሽ ያህሉ ጥሪ ይተርፋል። ሙሉ አገልግሎት አይደለም፤ ግን ሁሉም በአንድ ኬብል ላይ ቢሆን ዜሮ ይሆን ነበር። ግማሹ ክፍት ሆኖ የድንገተኛ ጥሪዎች ቅድሚያ ከተሰጣቸው ብዙ ነገር ይድናል።

አንድ ሌላ ጣጣም አለ። ከከተማ ወደ ከተማ በቀጥታ የሚሄድ ጥሪ አንድ መስመር ይይዛል። በሌላ ከተማ ዞሮ የሚሄድ ግን ሁለት መስመር ይይዛል። ሁሉም ነገር ሲጨናነቅ አንድ የዞረ ጥሪ ሁለት ቀጥተኛ ጥሪዎችን ያስቀራል። እነዚያ ደግሞ ቀጥታው ሞልቶባቸው ሌላ መዞሪያ ይፈልጋሉ፤ እነሱም ሁለት ሁለት ቦታ ይይዛሉ። በዚህ መልኩ ለመርዳት የተፈቀደው ማዞር ራሱ ኔትወርኩን ያንቀዋል። መድኃኒቱ በየመስመሩ ላይ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ቦታዎች ለቀጥታ ጥሪ ብቻ መያዝ ነው። የዞረ ጥሪ ቦታው ሊሞላ ሲል ይመለሳል። ለአንዱ ደዋይ ክፉ ነው፤ በአጠቃላይ ግን ብዙ ሰው ያወራል።

አጭሩን መንገድ መምረጥ ለምን ያሳስታል?

ዋናውን በአጭሩ መንገድ፣ መጠባበቂያውን ከእሱ ቀጥሎ በሚያጥረው መንገድ ማድረግ የማንም ሰው የመጀመሪያ ሃሳብ ነው። አንዳንዴ ግን ይከሽፋል። አራት ጣቢያዎች አሉ፤ ሀ፣ ለ፣ መ፣ ሰ። ከሀ ወደ ለ፣ ከለ ወደ መ፣ ከመ ወደ ሰ እያንዳንዱ 100 ኪሎ ሜትር ነው። ከሀ ወደ መ በቀጥታ 400፣ ከለ ወደ ሰ በቀጥታም 400 ኪሎ ሜትር ነው። ከሀ ወደ ሰ ሁለት የማይነካኩ መንገዶች እንፈልጋለን።

አጭሩ ሀ፣ ለ፣ መ፣ ሰ ነው፤ 300 ኪሎ ሜትር። እሱን ከያዝን በኋላ ግን ከቀሩት መስመሮች ወደ ሰ የሚያደርስ መጠባበቂያ አይገኝም። ወረቀት ላይ ሥሎ ማየት ይቻላል። አጭሩን ትተን ሀ፣ ለ፣ ሰ እና ሀ፣ መ፣ ሰ ብንል ግን እያንዳንዳቸው 500 ኪሎ ሜትር የሆኑ፣ አንድም መስመር የማይጋሩ ሁለት መንገዶች አሉን። ስለዚህ ሁለቱን ተራ በተራ ሳይሆን በአንድነት መፈለግ ይገባል። ይህን የሚሠራ ፈጣን ዘዴ ሱርባል የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 አሳትሟል። የርዝመቱ ነገር ደግሞ አያስጨንቅም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ 1,000 ኪሎ ሜትር መዞር የሚጨምረው 5 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ጆሮ አይለየውም።

ሁሉንም አደጋ መከላከል ይቻላል?

አይቻልም፤ አይሞከርምም። የተለመደው መነሻ በየትኛውም አንድ ቦታ ቢቆረጥ ማንም እንዳይለያይ ነው። ሁለት ቦታ በአንድ ጊዜ ቢቆረጥም እንዲቋቋም ከተፈለገ ሦስተኛ የተለየ መንገድ ያስፈልጋል፤ ወጪው ይዘላል። ትልልቅ ከተሞችን የሚያገናኘው ግንድ መስመር ላይ ይህ ይደረጋል። ጥቂት ሰው የሚኖርበት ጥግ ላይ ግን አንድ መስመር ብቻ መሆኑ የተለመደ ነው። ሒሳቡ እንዲህ ነው የሚለው፤ ሰሚው ባይወደውም።

ቶንጋ የዚህን ዋጋ ከፍላለች። የደሴት አገር ናት። ከውጭው ዓለም የሚያገናኛት አንድ የባሕር ኬብል ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2022 እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ኬብሉን በጣጠሰው። ተጠግኖ እስኪመለስ ከአንድ ወር በላይ ፈጀ፤ እስከዚያ የነበረው በሳተላይት የሚገኝ ጠባብ መስመር ነው።

መስመሩ ደህና ሆኖ ስልክ የሚጠፋው መቼ ነው?

ሁሉም መስመር የሚገናኝበት ቤት ሲቃጠል አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1988 በቺካጎ አቅራቢያ ሂንስዴል በተባለ ቦታ ያለ ማዞሪያ ጣቢያ ተቃጠለ። የራሱ ደንበኞች ብቻ ሳይሆኑ በእሱ በኩል የሚያልፉ የሌሎች አካባቢዎች መስመሮችም አብረው ጠፉ፤ አገልግሎቱን ለመመለስ ሳምንታት ወሰደ። ከዚያ ወዲህ አንድን አካባቢ ከሁለት የተለያዩ ማዞሪያዎች ጋር ማገናኘት እንደ ቅንጦት መታየቱ እየቀረ መጣ።

ሌላው ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 1990 የኤቲ ኤንድ ቲ አንድ ማዞሪያ በትንሽ ችግር ራሱን አጥፍቶ አስነሣ። ‹‹ተመልሻለሁ›› የሚለው መልእክቱ በጎረቤቶቹ ሶፍትዌር ውስጥ የተደበቀ ስህተት ነካ። እነሱም ጠፍተው ተነሡ፤ እነሱም ‹‹ተመልሰናል›› አሉ። 114ቱ ማዞሪያዎች በዚህ ዙር ውስጥ ገብተው የርቀት ጥሪ ለ9 ሰዓት ያህል ተናጋ። አንድም ኬብል አልተቆረጠም። ሁሉም ማዞሪያ አንድ ዓይነት ሶፍትዌር ስለነበረው የጋራ ስጋት ምድቡ ኔትወርኩ በሙሉ ሆኖ ተገኘ።

ሁለት መስመር የሚከራይ ድርጅት ምን ይጠይቅ?

ከሁለት የተለያዩ ድርጅቶች ስለተገዛ ብቻ መስመሩ የተለየ አይሆንም። አንዱ ከሌላው ተከራይቶ ሊያከራይ ይችላል። መጠየቅ ያለበት የኬብሉን መንገድ የሚያሳይ ካርታ ነው፤ ከሕንፃው መግቢያ ጀምሮ። ሁለቱ ኬብሎች በአንድ ቀዳዳ ወደ ሕንፃው የሚገቡ ከሆነ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። በየት ድልድይ ያልፋሉ፣ በየትኛው ጣቢያ ይገናኛሉ፣ መብራት ከየት ያገኛሉ ብሎ መቀጠል ነው። መጠባበቂያው መሥራቱንም ዋናውን ሆን ብሎ አጥፍቶ መሞከር ያስፈልጋል፤ ለዓመታት ሳይሠራ የቆመ መሣሪያ በተፈለገ ቀን እምቢ ማለቱ ብርቅ አይደለም።

ካርታው ደግሞ አንዴ ታይቶ የሚያበቃ አይደለም። የቴሌኮም ድርጅቶች አሮጌ መሣሪያ ሲያነሡ፣ ወጪ ሲቀንሱ ወይም ኬብል ሲጠግኑ የደንበኞችን መስመር ከአንዱ ፋይበር ወደ ሌላው ያዘዋውራሉ። ሲፈረም በሁለት መንገድ ይሄዱ የነበሩት መስመሮች ከጥቂት ዓመት በኋላ አንድ ኬብል ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ። ደንበኛው ይህን የሚያውቅበት ምልክት የለም፤ ሁለቱም ደህና ይሠራሉና። ውሉ ላይ ማንኛውም ማዘዋወር ከመደረጉ በፊት እንዲነገረው፣ ካርታውም በየጊዜው ታድሶ እንዲሰጠው ማስጻፍ ይችላል።